ሸጋ ታጠበ የፈረመበት ወረቀት

በየሰፈሩ ወረቀት ይዞ የሚዞር አንድ ሰው አይጠፋም። ሰው ገና ከሩቅ ሲያየው መንገድ ይቀይራል፣ ስልክ የሚያወራ ይመስላል፣ ያልተፈታ የጫማ ክር ያስራል። የእኛ ሰፈር የባሰ ነው የገጠመው፤ ወረቀት ይዘው የሚዞሩት አስተማሪያችን የነበሩት ሴትዮ ናቸው። ግማሹን ሰፈር ሀሁ ያስቆጠሩ፣ ጡረታ ወጥተው ማረፍ ያልሆነላቸው፣ የ"ወንዛችን ወዳጆች ማኅበር" ሊቀመንበር፣ ክብርት ቲቸር። ከእሳቸው መደበቅ ከባድ ነው፤ መደበቂያችንን ሁሉ ከልጅነታችን ጀምሮ ያውቁታል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ድልድዩ አጠገብ ነው። ከላይ በኩል ያለው የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ፍሳሹን ወንዙ ውስጥ ስለሚለቀው፣ ሐሙስ ምን ቀለም ጨርቅ እንደሚመጣልኝ ሰኞ ዕለት ወንዙን አይቼ አውቃለሁ። ደንበኛ "ሰማያዊ አለህ?" ሲለኝ በመስኮት ብቅ እልና "ከነገ ወዲያ" እለዋለሁ። ይህንንም እንደ ሙያ ቆጥሬ እኮራበት ነበር።

ቲቸር ግን ያንኑ ውሃ በጠርሙስ ቀድተው፣ ፋብሪካው ፍሳሹን እንዲያቆም ፊርማ እያሰባሰቡ ይዞራሉ። "እስቲ እየው፣ ብዙም አላስቸግርህ" ይላሉ። ያላስቸገሩት ሰው የለም። ፀጉር አስተካካዩ ቤት ገብተው ፊቱን አረፋ የተቀባ ሰው አስፈርመዋል። የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ አፉን እንደከፈተ ያስፈረሙትም አለ ይባላል፤ እምቢ ማለት አልቻለማ። ቀልዱ የሚያበቃው ከታች ሰፈር ልጆች እግር ላይ የወጣውን ቁስል ማውራት ሲጀምሩ ነው።

ሱቄ ሲገቡ ጨነቀኝ። ብፈርም ፋብሪካው ጨርቅ ይከለክለኛል። ባልፈርም ቲቸር አይወጡም። እሳቸው ጠርሙሱን ለደንበኛዬ ሲያሳዩ፣ "ሸጋ ታጠበ" የሚባል ሰው ከጭንቅላቴ ፈጠርኩና ሞነጫጨርኩ። ከዚያ በብልጠቴ ለብቻዬ ስስቅ ዋልኩ።

ሁለት ወር ቆይቶ ፊርማው የገባበት የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። እየለካሁት ያወራልኛል። ስሞቹን ሲያጣሩ እኔ የፈጠርኩትን ሰውዬ ከነዋሪዎች መዝገብ አጡት፤ አንድ ስም ሐሰት ነው ብለው ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱንም ፊርማ ውድቅ አደረጉት።

"ማን ጻፈው ብለን ቲቸርን ስንጠይቃቸው፣ 'እኔ ነኝ፣ እርጅና ነው' አሉን። ደህና አድርገን ገሰጽናቸው" አለኝ።

በእጄ የያዝኩትን እስፒል እግሩ ላይ ሰካሁበት። ሆን ብዬ አልነበረም።

በማግስቱ ቲቸር ባዶ ወረቀት ይዘው ከተፍ አሉ።

"እንደገና ጀመርኩ" አሉኝ።

"ቲቸር፣ ያን ስም የጻፍኩት..."

"አውቃለሁ።" ተመላሽ የሆነውን ወረቀት ከቦርሳቸው አወጡ። "አንደኛ ክፍል እያለህም የ'ሸ'ን ቆብ ትረሳ ነበር። እስቲ አንብበው።"

አነበብኩት። ቆቡን ረስቼ የጻፍኩት "ሰጋ ታጠበ" ብዬ ነው።

"መስጋትህ ገብቶኛል" አሉኝ። "ቤትህ የሚተዳደረው በዚያ ጨርቅ ነው። ለዚህ ነው ያልተቆጣሁህ።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አፈርኩ፤ የምሬን ነው፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ስሜን እስከ አያቴ ጻፍኩ። ከመደርደሪያዬ ሰማያዊውን ጨርቅ አውርጄ ቁራጭ ቆረጥኩና ጠርሙሱ አንገት ላይ አሰርኩላቸው። የጨርቁና የውሃው ቀለም አንድ ነው፤ ማስረጃ ይሁናቸው።

ፋብሪካው ጨርቅ ካቆመብኝ ይኸው ሦስተኛ ሳምንት። ወንዙም ገና አልጠራም። ሱቄ ውስጥ የማደርገው አጥቼ መቀሱን ስወለውል፣ ትናንት ቲቸር ነጭ ጨርቅ ታቅፈው ገቡ። ከኋላቸው ፀጉር አስተካካዩ ያረጀ መጋረጃ ይዞ ተራውን ይጠብቃል። መጋረጃው የሚጠገን እንኳን አልነበረም፤ እንዲያው ቲቸር አምጣ ብለውት ነው።

"ቀሚስ ስፋልኝ" አሉኝ። "ኪሱን ግን ተለቅ አድርገው፤ ወረቀቴ ይገባበታል።"

"ምን ያህል ወረቀት ነው?"

"ፋብሪካው እስኪሰማ ድረስ የሚበቃ።"

እስከ ጉልበታቸው የሚደርስ ኪስ ሰፋሁላቸው።