የጋሽ ደምሴ የአበባ ማስቀመጫ

ከሰው ይልቅ ለዕቃ የሚሳሳ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? በደርግ ጊዜ ጂንካ ሳስተምር ጎረቤቴ የነበሩት ነጋዴ፣ ጋሽ ደምሴ፣ ባለ ጌጥ የብርጭቆ አበባ ማስቀመጫ ይሰበስቡ ነበር። ቡፌው ሞልቶ የእንግዳ ስኒ መስኮት ላይ ተሰዷል።

አንድ ክረምት ከአርባ ምንጭ በጭነት መኪና ጆንያ ላይ ተቀምጠን አብረን ስንመለስ፣ አዲስ የገዟትን ማስቀመጫ በጋቢያቸው ጠቅልለው እንደ ጨቅላ ታቅፈዋታል። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ከጎናቸው በዝናብ ይንቀጠቀጣሉ። ቀይ አፈር ከተማ አጠገብ መኪናው ጭቃ ሲይዘው እትዬ አስካለ በቀስታ፣ «ደምሴ፣ እኔን እንዲህ አቅፈኸኝ ታውቃለህ?» አሉ።

ጋሽ ደምሴ ጋቢውን ፈትተው ለሚስታቸው ደረቡላቸው፤ ማስቀመጫዋን ከጆንያዎቹ መሃል ሸጎጧት። መኪናው ከጭቃው ተንጦ ሲወጣ ማስቀመጫዋ ተሰበረች።

እኔ ለማጽናናት ቃል ስፈልግ፣ እሳቸው ስብርባሪውን አንድ ጊዜ አዩና ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«ሞቀሽ?» አሉ።