ክብርት እትዬ መርፌ

የትም ሰፈር ብትኖሩ ከእሷ አታመልጡም። ልጅ በወለዳችሁ በሦስተኛው ቀን ስሙን ሳትጠይቅ ክትባቱን የምትጠይቅ አንዲት ነርስ አለች። የእኛዋን ሰፈሩ «ክብርት እትዬ መርፌ» ይላታል። ፊት ለፊት ደፍሮ የሚላት ግን የለም፤ ሁላችንም ልጅ አለን።

እትዬ መርፌ ጤና ጣቢያ ስትሠራ ትውልና ሥራዋን መንገድ ላይ ትቀጥላለች። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆዷ የገፋ ሴት ካየች፣ ያቺ ሴት አለቀላት። አንዴ ሠርግ ላይ ሙሽራውን አቅፋ እየሳመች፣ «እንግዲህ ክትባቱ ልጁ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ነው፣ እሺ?» ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሙሽሪት ገና ቬሏን አላወለቀችም ነበር።

እኔ ሳያት ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ያልደወለልኝን ሰው እቆጣለሁ። ልጄ ዘጠኝ ወር የሞላት ሰሞን ግን መንገድ ላይ አስቁማ ስልኩን በገዛ እጇ ከጆሮዬ አወረደችው።

«የኩፍኝ ክትባቷስ?»

«ጉንፋን ይዟታል እትዬ። ይሻላትና አመጣታለሁ።»

«ቀላል ጉንፋን አይከለክልም። ነገ ይዘሃት ና።»

«እሺ፣ ነገ።»

አልሄድኩም። የታመመ ልጅ ይወጋል እንዴ? እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ጋዜጣ ላይ አምድ አለኝ። ጉንፋኑ ለቀቃት፣ እኔም ሥራ በዛብኝ፣ ከዚያ ጭራሽ ረሳሁት። ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። ኩፍኙ ግን አልረሳንም።

ልጄ ተረፈች። የቀኝ ጆሮዋ ግን መግል ሲፈሰው ከርሞ መስማት አቆመ። አሁን ሦስት ዓመቷ ነው፤ በዚያ በኩል ሆኜ ስጠራት ዞር አትልም። ለራሴ ይቅርታ አላደረግኩም፤ የማደርግም አይመስለኝም።

ያኔ እትዬ መርፌ ሆስፒታል ድረስ መጣች። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ብትሰድበኝ በቀለለኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የልጄን እግር እያሻሸች ቆየችና፣ «ማክሰኞ ጤና ጣቢያ ና» አለችኝ። «ወላጆቹን አንተ አስተምርልኝ። እኔንስ ሰልችተውኛል።»

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ተራ በሚጠብቁት እናቶችና አባቶች ፊት ቆሜ ያደረግኩትን እናገራለሁ። አንዳንዱ ዕንባው ይመጣል፤ አንዳንዱ ስልኩን ይነካካል። ሰፈሩም አሁን እኔን ሲያይ መንገድ መቀየር ጀምሯል። ይህችን ነዝናዛ ሴትዮ እወዳታለሁ። ምነው ያን ጊዜ በሬን ሰብራ ገብታ በነበር እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ አባት ተራው ሲደርስ፣ «አፍንጫው ይፈሳል፣ ሌላ ቀን እመለሳለሁ» ብሎ ልጁን እንዳቀፈ ወጣ። ሮጬ በር ላይ ደረስኩበት። ጃኬቱን ጨምድጄ ምን እንዳልኩት አላስታውስም፤ እንደጮኽኩ ብቻ አውቃለሁ። ሰውዬው ደንግጦ ቆሟል፣ ልጁም ማልቀስ ጀምሯል። እትዬ መርፌ ከኋላዬ ደረሰች።

«ጃኬቱን ልቀቅለት» አለችኝ፣ እጆቿን ወደ ልጁ እየዘረጋች። «እኛ የምንፈልገው ልጁን ነው።»