ባለ ሁለት ዓይኑ ፈረስ

«ፈረሱን እግዜር ሁለት ዓይን ሰጥቶት፣ አንቺ አንዱን ልታጠፊበት ነው?» አለ ዲያቆን ይበልጣል።

«ከጎን የቆመ ፈረስ የሚታየው አንድ ዓይኑ ነው። እኔ ምን አጠፋሁበት?» አለች እኅቴ፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

«ታዲያ ዞር ይበል።»

«ዞር ሲል ጉጉት ይመስላል።»

ከክርክሩ መሃል ስላስገባኋችሁ ይቅርታ። መጀመሪያው የት እንደሆነ ብትጠይቁኝ እኔም ረስቼዋለሁ። መጨረሻው ብቻ በደረሰልኝ እያልኩ ነው ልብስ የምተኩሰው።

እኔ እንደታዘብኩት፣ ልብስ ላይ ያለች ምልክት ከልብሱ ትበልጣለች። እዚህ ደብረ ማርቆስ ብርዱ የታወቀ ስለሆነ ቱታ የማይለብስ የለም። የባጃጅ ነጂው ይለብሳል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ይለብሳል፣ ከአምበር ለገበያ የመጣው ገበሬም ጋቢውን ገለጥ ሲያደርግ ከሥር ቱታ አለ። ታዲያ ሰው ቱታ ሲገዛ ጨርቁን ይዳስሳል ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል። መጀመሪያ የሚያየው ደረቱን ነው። እዚያ ላይ ያቺ የታወቀች የውጭ አገር ምልክት ካለች፣ ስፌቱ ቤት ሳይደርስ ቢተረተርም ይቅር ይባላል። ከሌለች ግን «ይኼ ደግሞ የማን ነው?» ይባላል፤ ልክ ልብሱ ተሰርቆ እንደመጣ ሁሉ።

እኅቴ እናትነሽ፣ እኔ እታለም ነው የምላት፣ ይህን ጥያቄ ጠላችው። ቱታውን ቆርጣ የምትሰፋው ራሷ ናት፤ ምልክቱም የራሷ እንዲሆን ፈለገች። ስሙን «ግልቢያ» አለችው፣ ምልክቱም ፈረስ ሆነ። ሥዕሉን ጎረቤታችን ዲያቆን ይበልጣል እሠራለሁ አለ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተማረ፣ እጁ የተባረከ ሰው ነው። ችግሩ የተማረውን አለመርሳቱ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳኑ ፊታቸውን ወደ እኛ መልሰው በሁለት ዓይናቸው ያዩናል። ፊቱ ከጎን ሆኖ አንድ ዓይን ብቻ የሚሳልለት ሰይጣንና የሰይጣን ወገን ነው። ግድግዳውን ቀና ብላችሁ አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ።

የመጀመሪያው ፈረስ ኮርቻና መርገፍ ሳይቀር ነበረው። እየጋለበ አንገቱን ወደ ተመልካቹ ጠምዝዞ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ያያል። ውበቱን ምን ልበላችሁ። ግን ያ ሁሉ የጥልፍ ክር ደረቱን አደነደነውና፣ ቱታው አንዴ ሲታጠብ ጨርቁ ተኮማትሮ ጋላቢው ፈረስ ቁጢጥ አለ። ስለዚህ ኮርቻው ወረደ። ቀጥሎ ክሩ ጉልበቱ ላይ እየተወሳሰበ መርፌ መስበር ሲያበዛ እግሮቹ ተቆረጡ። የተረፈው ጭንቅላት ነው፤ ጆሮና ሁለት ዓይን። የሰፈሩ ሰው «ባለ ጉጉቱን ቱታ ስጪኝ» ማለት የጀመረው ያኔ ነው። ጆሮውን ብናስረዝመው ጥንቸል ሆነ። ከእኛ በቀር ፈረስ መሆኑን ያወቀ የለም። እኛም መጠራጠር ጀምረናል።

አሁን እታለም የምትፈልገው ከጎን የሚታይ፣ በአንድ መስመር የሚጠለፍ አንገትና አንዲት የዓይን ነጥብ ነው። ዲያቆን ደግሞ እሱን በሰው ልጅ ደረት ላይ አላኖርም ብሏል። «የሰው ልብ ላይ ሰይጣን ለጥፈን ኳስ እናጫውተው?» ይላል። እሷ «ጨርቅ ነው እንጂ ቤተ መቅደስ አይደለም» ትላለች። ሲደክማቸው ወደ እኔ ዞረው ፍረጂ ይሉኛል። እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም፤ «ሁለቱም ያምራል» እላለሁ። እውነቴን ነው፣ ያምራል። ያኔ ሁለቱም እኔን ይቆጣሉ። የሚስማሙት በዚህ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ላይ የሰማችሁት የዚያ ዕለት ክርክር ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። እስከዚያ ቀን ግልቢያን የለበሱት ዘመድና ጎረቤት፣ እምቢ ማለት የሚያፍሩ ሰዎች ናቸው። ያን ቀን ግን ሮብ ገበያ ከምትባለው ከተማ የአንድ የወጣቶች እግር ኳስ ቡድን አሰልጣኝ ለተጫዋቾቻቸው ቱታ ሊያዙ እየመጡ ነበር። ቡድኑ እዚህ ማርቆስ ወርዶ ሲጫወት፣ የእታለም ምልክት በማያውቃት ሰው ደረት ላይ በከተማው ፊት ይሮጣል ማለት ነው። ስትጠብቅ የኖረችው ይህን ነው።

አሰልጣኙ መጡ። ጋሼ ውበቴ ይባላሉ። የጫማቸውን ጭቃ ደጃፉ ላይ ጠርገው ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ቱታውን ገለበጡት፣ ስፌቱን ወዲያና ወዲህ ሳቡት። ጨርቅ የሚዳስስ ሰው ተገኘ። የእታለም ፊት በራ። ከዚያ ደረቱ ላይ ያለውን ባለ ሁለት ዓይን ፈረስ አዩና ቱታውን ቀስ ብለው ጭናቸው ላይ አጠፉት። ይህን ሲያይ ዲያቆን ይበልጣል ወደ እኅቴ ጠጋ አለ።

«እናትነሽ፣ አንድ ዓይን ይሁን» አለ ቀስ ብሎ። «እንዳልሽው። አሁኑኑ እስለዋለሁ።»

ካውያዬን አስቀመጥኩ። ይህች ቃል ከዚያ ሰው አፍ እንዴት ባለ ጭንቅ እንደምትወጣ እናንተ ባታውቁም እኔ አውቃለሁ። እታለምም ታውቃለች፤ መኪናዋን አቆመች።

«ነገሩ የዓይን አይደለም» አሉ ጋሼ ውበቴ፣ እያፈሩ። «ቱታው እንከን አይወጣለትም። ልጆቹ ግን ያቺን የውጭ አገሯን ምልክት ነው አደራ ያሉኝ። ባለፈው ያቺ ምልክት የሌለችበት ቱታ ለብሰው ፎቶ ሲነሡ ደረታቸውን በእጃቸው ሸፍነው ነው የተነሡት። ምን ላድርግ ልጄ?»

እታለም ወደ ዲያቆን ዞረች፣ ፊቱን ግን አላየችም።

«ያቺን ምልክት ትስላታለህ?» አለችው።

ይሟገታል ብዬ ጠበቅኩ። ስንት ቀን ስሰለቸው የከረምኩትን ሙግት ያን ጊዜ ናፈቅኩት። እሱ ግን ከጠረጴዛው ላይ የስፌት ጠመኔ አነሣና ገና ምልክት ያልተጠለፈበት ሰማያዊ ቱታ ላይ አጎንብሶ፣ እጁን አንዴም ሳያነሣ አሰመረ። ያቺው የውጭ አገሯ ምልክት ራሷ ናት። ገበያ ላይ እንደምትታየው፣ ቅንጣት ሳትዛነፍ። ፈረሱን ያን ያህል ሲታገለው የከረመ እጅ ይህችን በአንድ ትንፋሽ ጨረሳት።

«እቺ ናት» አሉ ጋሼ ውበቴ፣ ደስ ብሏቸው።

እታለም ነጭ ክር መርጣ ወደ መርፌው አጎነበሰች፤ ክሩ አልገባ አላት። ዲያቆን ይበልጣል ጠመኔውን መቀሱ አጠገብ አስቀመጠ፣ ብናኙን ከጣቶቹ አራገፈ፣ ነጠላውን ትከሻው ላይ አስተካከለና ወጣ።