ሞተር ስትሰሙ ሩጡ

መመሪያ የሚያወርድ ሰው አንድ ነገር ተማምኖ ነው የሚያወርደው፤ ማንም እንደማይፈጽመው። ይህን የምላችሁ ከውጭ ሆኜ አይደለም። እኔ ራሴ ስንት ዓመት መመሪያ ሳወርድ የኖርኩ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። እንጨት አትቁረጡ ብያለሁ፤ ተቆርጧል። ፍየል ወደ ጥብቁ ደን አታስገቡ ብያለሁ፤ ፍየሎቹ ገብተው፣ ጠግበው፣ ወልደው ወጥተዋል። ሰዉ ክፉ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ይደግፋል፣ ያጨበጭባል፣ ሲያበቃ ደግሞ ምሳ ሳትበላ አትሄዳትም ብሎ ይገዘታል። ከዚያ የራሱን ይሠራል። እኔም ይህን አውቄ፣ አንድም ቀን መመሪያዬ በሥራ ላይ ይውላል ብዬ ሳልሰጋ፣ ደመወዜን እበላ ነበር።

ሥራዬ የዱር እንስሳት ጥበቃ ነው። ከሐይቅ ከተማ እየተነሣሁ በአምባሰል ገደላገደል ላይ ባለው ጥብቅ ደን እዞራለሁ፤ ጭላዳው እንዴት ሰነበተ፣ ሰሱ አለ ወይስ ጠፋ፣ ድኩላውን ማን ነካው እያልኩ። ድሮ በእግሬ ነበር። በለውጡ ሰሞን ግን፣ መቼም ታስታውሱታላችሁ፣ ያልተለወጠ ነገር ካለ ጥቆማ የሚሰጥበት ጊዜ ነበርና፣ የኔም እግር ተለወጠ። ሞተር ተሰጠኝ። አስፋልቱንም ኮረኮንቹንም፣ ጭቃውንም የፍየል መንገዱንም አልመርጥም የምትል፣ ቁመቷ የበቅሎ፣ ጎማዋ ጥርሳም የሆነ ሞተር። ርክክቡ ላይ ንግግር ተደረገ። አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ከእንግዲህ እንስሳቱ የትም ቢሆኑ ትደርስባቸዋለህ" አለኝ።

ደረስኩባቸው እንዴ! ሞተሯ ስትነሣ ድምጿ ከገደል ገደል እየተጋጨ ይሄዳል። እኔ ገና ታች ወንዙን ሳልሻገር ላይ ያለው ጭላዳ ሁሉ ሰምቶ፣ ልጁን አዝሎ፣ ገደሉን ወርዶ ተሰውሯል። በእግሬ ስሄድ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ የኖረ ፍጥረት፣ ሞተር ካገኘሁ ወዲህ ጀርባውን እንኳ አላሳይህ አለኝ። እኔ የምደርሰው የተነጨው ሣር ላይ ብቻ ነው። "እንስሳቱ በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛሉ" እያልኩ ሪፖርት አደርግ ነበር። ውሸትም አልነበረም፤ እንደዚያ የሚሮጥ ፍጥረት ጤነኛ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በሬዲዮ ከሩቅ የምንሰማው ነገር አንድ ቀን ሐይቅ ድረስ መጥቶ፣ ልጆቹን፣ ፍራሹንና ዶሮውን ይዞ መንገድ ዳር ተቀመጠ። ከተማው በተፈናቃይ ሞላ። ስልክ ተቋረጠ። ሞተር ማሽከርከርም ተከለከለ፤ ለኔ ብቻ፣ ደን ጠባቂ ነህና ተብሎ፣ ማኅተም ያለበት ፈቃድ ተጻፈልኝ። በዚሁ መሐል ታጣቂዎቹ ቃኚ የሚልኩት በሞተር ነው የሚል ወሬ ተናፈሰ። ወሬው ከፍ ብሎ ትእዛዝ ሆነ፣ ትእዛዙ ዝቅ ብሎ እኔ ዘንድ ደረሰ፣ እኔም በየመንደሩ እየዞርኩ እንዳስረዳ ተመደብኩ።

ከጥብቁ ደን ጥግ ካለችው፣ ካደግኩባት መንደር ጀመርኩ። ሰዉ ተሰበሰበ። እኔም ድምፄን ጠርጌ፣ "ሞተር ተከልክሏል። ስለዚህ የሞተር ድምፅ ከሰማችሁ የወገን አይደለም። ማነው ብላችሁ ዘወር እንዳትሉ! ዕቃዬ ብላችሁ እንዳትመለሱ! ወደ ገደሉ ሩጡ!" አልኩ። ተጨበጨበ። እንግዲህ ልብ በሉልኝ፤ ይህን ሁሉ የተናገርኩት ሞተሬን ከኋላዬ ዋርካው ሥር አቁሜ ነው። አንድ ሰው እንኳ "ያንተይቱስ?" አላለኝም። እኔም አላልኩም። ምሳ በላሁና ሞተሬን አስነሥቼ ወረድኩ።

ጥቂት ሰንብቶ ከዚያው መንደር ለገበያ የወረደች ሴት ሐይቅ ላይ አገኘችኝና "ሸህ ይማም መድኃኒታቸው አልቋል፤ ትንፋሽ እያጠራቸው ነው" አለችኝ። ሸህ ይማም የእናቴ ወንድም ናቸው፤ አባቴ ቀድሞ ስለሞተ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። አስም አለባቸው። ከቤታቸው እስከ መስጊዱ ባለችው አጭር መንገድ እንኳ አረፍ ሳይሉ አይደርሱም። ያን በአፍ የሚነፋ መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን አካለልኩት። የመጨረሻው መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ አንድ ብቻ ቀርቶ አገኘሁና በደረት ኪሴ ከትቼ፣ በውሃ ፕላስቲክ የተሸጠልኝን ቤንዚን ሞልቼ፣ ቢስሚላህ ብዬ ተነሣሁ።

ወንዙን እንደተሻገርኩ ከላይ ጩኸት ሰማሁ። አንዱ ጉብታ ለሌላው ያቀብለዋል፤ "ሞተር! ሞተር መጣ!" ደነገጥኩ። ዘወር ብዬም ኋላዬን አየሁ።

አዎ፣ ማነው የሚመጣው ብዬ ነው። አትሳቁ።

ከኋላዬ የሚታይ ነገር የለም፤ ግን ተጠምዝዞ ሊመጣ ይችላል። አጎቴ ሳይሰሙ እንዳይያዙ ብዬ ነዳጁን ሰጠኋት። ሞተሯ አጓራች። ጩኸቱም ባሰ።

መንደሩ ስደርስ ነፍስ ያለው የለም። በሩ ሁሉ ወለል ብሏል፤ የአጎቴ ሚስት የእትዬ ዘሐራ ንፍሮ እሳት ላይ እንደተጣደ ይንተከተካል። ቀና ስል መንደሩ በሙሉ ዳገቱን ይዞ ይሮጣል። ሁሉን ቀድመው፣ ሽርጣቸውን ሰብስበው፣ እንደ ሰስ ድንጋይ ለድንጋይ የሚዘሉት ማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ? ሸህ ይማም!

"አጎቴ! እኔ ነኝ!" አልኩ። ማን ሰምቶኝ! የፍየል መንገዱን ይዤ ተከተልኳቸው። ሞተሯ ያን ቀን የተሠራችበትን ሥራ አሳየች፤ ቋጥኙን ትዘላለች፣ ቁልቁለቱን ትወርዳለች፣ ቁጥቋጦውን ትሰነጥቃለች። ከፊቴ የመንደራችን ቄስ ገበየሁ "የግሸኗ እመቤት!" ሲሉ፣ እትዬ ዘሐራ "ያ ረቢ!" ይላሉ። ዘወር የሚል የለም። ፈቃዴን ከኪሴ አውጥቼ አውለበለብኩ። የፈቃድ ወረቀት ደግሞ ከሩቅ አይሰማም። እንዲያውም ብሶባቸው ሮጡ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚያ ላይ ፈራሁ። እኚህ ሰው ሊሞቱብኝ ነው አልኩ። መድኃኒታቸውን በኪሴ ይዤ፣ ከኋላ ከኋላ እያባረርኩ፣ በገዛ እጄ ልገድላቸው ነው። መመሪያዬ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። መሥሪያ ቤታችን ከተቋቋመ ጀምሮ ካወረደው መመሪያ ሁሉ፣ በሥራ ላይ የዋለው ይኸው አንዱ ነበር።

ሞተሯን አጥፍቼ፣ ቁልፏን እንኳ ሳልነቅል መንገዱ ላይ ጥያት በእግሬ ወጣሁ። ጸጥ አለ። ከገደሉ አፋፍ ስደርስ ጭላዳዎቹ ተኮልኩለው ሣራቸውን ይነጫሉ። አንዱ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ሣሩ ተመለሰ። ስንት ዓመት የተሰወሩብኝ! ከድንጋዩ ኋላ ግን የሚያፏጭ ትንፋሽ ሰማሁ። አጎቴ ናቸው፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ ዓይናቸው ፈጥጧል። መድኃኒቱን አፋቸው ላይ አድርጌ ነፋሁላቸው። ጠበቅሁ፣ ደገምኩ። ቀለማቸው እስኪመለስ ድረስ እጃቸውን ይዤ አለቀስኩ።

የመጀመሪያ ቃላቸው "አንተ እንዳልከው አንዳችንም ዘወር አላልንም" የሚል ነበር። ኮርተዋል።

"አንተ ልጅ፣ ፈጅተኸን ነበር እኮ! ንፍሮዬም አረረ!" ብለው እትዬ ዘሐራ ወረዱብኝ። ገና እርግማኑን ሳይጨርሱ ቄስ ገበየሁ ክንዴን ጨብጠው በአገጫቸው ወደ ታች አመለከቱኝ። መንደሩ ውስጥ ታጣቂዎች ገብተዋል። በእግራቸው ነው የመጡት፤ ኮሽታም አላሰሙ። ከቤት ቤት ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ሰው ያጣሉ። አንደኛው ንፍሮውን ከእሳት አውርዶ መብላት ጀመረ። እትዬ ዘሐራ እርግማናቸውን ዋጥ አድርገው እጄን ያዙኝ፤ አልለቀቁኝምም። ያቺ ሞተር ባታባርረን ኖሮ ሁላችንም እዚያው ቤታችን ነበርን።

ትንፋሻችንን ውጠን ተቀመጥን። ከታጣቂዎቹ ሁለቱ በፍየል መንገዱ ትንሽ ወጣ ብለው አንድ ነገር ከበቡ። ከዚያ ገደሉ አስተጋባ።

ሞተሬ ተነሣች።

መጀመሪያ ጭላዳዎቹ ሮጡ። ከዚያ መንደሩ። አጎቴ መድኃኒታቸውን በጡጫቸው ጨብጠው እየሮጡ፣ "አንተ እዚህ ነህ! ታዲያ ያ ማነው?" አሉኝ።

"እኔ እንጃ!" አልኩና አለፍኳቸው።

አላህ ይመስገን፣ ሰዎቹ ሞተሯን ይዘው ቁልቁል ወረዱ እንጂ አልተከተሉንም። ሁሉም አልፎ አገር ሲረጋጋ መሥሪያ ቤቴ ጠራኝ። የሰው ደህንነት ተጠየቀ፣ ተመሰገነ፣ ከዚያ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ "ሞተሯን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሃት የት ነው?" አለኝ።

"አላየኋትም" አልኩት። "ሰማኋት። በመመሪያው መሠረት ዘወር ሳልል ሮጥኩ።"

አሁን በእግሬ ነው የምዞረው፤ ጭላዳዎቹም ታርቀውኛል። ሰሞኑን ግን አዲስ ሞተር ሊሰጠኝ ነው የሚል ወሬ አለ። ለአጎቴ ነገርኳቸው። "ማሻ አላህ!" አሉ፤ ደስ አላቸው፣ መረቁኝም። ከዚያ እግራቸውን አየት አደረጉና፣ ስመጣ ደህና ሸራ ጫማ እንድገዛላቸው አዘዙኝ።