ታሂርና እጁን የዘረጋው ሰውዬ

እምቢ ማለት የማያውቅ ሰው በየከተማው አንድ አይጠፋም። ጠያቂው ገና ሳይጨርስ እሱ "እሺ" ብሏል። የቆቦው ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ ደግሞ የኔው ታናሽ ወንድም ነው። ክቡር አቶ ታሂር ይባላሉ።

አንድ የገበያ ቀን አንድ የሮቢት ሰው "አባቴ፣ ይቺን ፍየል ለአፍታ ያዙልኝ" ብሎ ገመዱን አስጨበጣቸውና ሄደ። ገበያው ተበትኖ ብፈልጋቸው ክቡርነታቸው እዚያው ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ፍየሏ ደክሟት ተኝታለች።

"ቁጭ ብትል ምን ነበር?" አልኩ።

"ያዝ እንጂ ተቀመጥ አላለኝም" አሉኝ።

ከዚህ በኋላ "አንተ" እላቸዋለሁ፤ ያሳደግኳቸው እኔ እህታቸው ነኝ።

ሌላ ቀን በመናኸሪያው በር ሲያልፍ የሚኒባስ ረዳት "ዋጃ! ዋጃ! ግቡ አባ፣ አንድ ሰው ብቻ!" አለው። ገባ። ዋጃ ላይ ምንም ጉዳይ አልነበረውም። እዚያ እንደወረደ ሌላው ረዳት "ቆቦ! ቆቦ!" ሲል ጊዜ ደግሞ ገባ፤ ደግነቱ ቤታችን ቆቦ ነው። ምን ሊያደርግ እንደሄደ ስጠይቀው "አንድ ሰው ጎድሎባቸው ነበር" አለኝ። ሦስት ድግስ በአንድ ቀን ከተጠራ ሦስቱም ጋ ይበላል፤ ማታ ደግሞ እኔ እንዳይከፋኝ ከኔ ጋር ይበላል።

ይህ ሁሉ ያስቃል። የማያስቀው ሲጋራው ነው።

ታሂር ከሃያ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ ታማሚ ነው። ሐኪሞቹ ስኪዞፍሬኒያ ይሉታል። እኛ የማንሰማው ድምፅ ይሰማዋል። ከተማው ይወደዋል፤ ግን ምን እንደሚለው ስለሚጠፋው ሲጋራ ይሰጠዋል። ሾፌሩ "እንካ ታሂሬ" ይለዋል፤ ባለ ባጃጁ፣ ሽንኩርት ጫኙ፣ ሁሉም እንካ ይለዋል። እሱም በሁለት እጁ ይቀበላል። ድምፆቹ ራሳቸው "አጭስ" ሲሉት እሺ ይላል። "እንግዳ ናቸው፣ ምን ላድርጋቸው?" ይለኛል።

ባለፈው ዓመት ሐኪሙ ደረቱን አዳምጦ ለኔ ነገረኝ። ሳንባው እያለቀ ነው፤ ካላቆመ ብዙ አይቆይም። ጭሱ መድኃኒቱንም እንደሚያዳክምበት ከመድኃኒቱ ጋር በሰጡን ወረቀት ላይ አንብቤአለሁ። ፊደል የቆጠርኩት የልጅ ልጅ ካየሁ በኋላ ነው፤ የዚያን ቀን ባልቆጠርኩት ብዬ ተመኘሁ።

ታዲያ ጥናት የሚያደርጉ ሐኪሞች አንድ መነፅር ይዘው መጡ። መነፅር አልኩ እንጂ ግንባርን ሁሉ የሚሸፍን ጥቁር ሣጥን ነው። ሲለብሱት ሌላ ቦታ ያሳያል። ለበሽተኛው እዚያ ውስጥ ሲጋራ ይሰጡታል፣ እሱ እምቢ ማለት ይለማመዳል። ይህን የምትመራው ሲስተር ደብሪቱ ናት።

"ልጄ" አልኳት፣ "የሌለ ነገር ለሚሰማው ሰው የሌለ ነገር ታሳዪዋለሽ?"

አልተቆጣችም። "እማማ፣ ይኼኛውን ሲፈልጉ ያወልቁታል። ያኛውን ማን ያወልቅላቸዋል? ደግሞ አጠገባቸው ነኝ፤ ከከበዳቸው ወዲያው እናቆማለን።"

ቀድሜ ልየው አልኩና ለበስኩት።

ከወንበሬ ሳልነሳ መንገድ ዳር ያለች ሻይ ቤት ውስጥ ተገኘሁ። ብርሃኑ እንደ ጠዋት ጀንበር ለስላሳ ነው። ባጃጅ ያልፋል፣ አቧራ ግን አያነሳም። ዝንብ የለም። ሻዩ ይጨሳል፣ ሽታ የለውም። ከሩቅ ዞብል ተራራን የመሰለ ሰማያዊ ነገር ተጋድሟል። እጄን ባነሳ የራሴ እጅ የለም። ሞቼ ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ ግን ጉልበቴ ያመኛል። አንድ ፊተ ሙሉ ሰውዬ ፊቴ ተቀምጦ ሲጋራ ዘረጋልኝ። "አሰላሙ አለይኩም" አልኩት። አልመለሰም። ስነቃ፣ ማለቴ ሳወልቀው፣ ደብሪቱ ትስቃለች።

የታሂር ተራ ደረሰ። ሰውየውን እንዳየ ብድግ ብሎ ሰላምታ ጀመረ። "እንዴት ዋልክ? ቤተሰቡ ደህና? ከብቱስ? ማሽላው አፈራ?" ይህን ሁሉ የሚለው ከግድግዳው ፊት ለፊት አጎንብሶ ቆሞ ነው። ሰውየው ሲጋራውን ሲዘረጋለት በሁለት እጁ አየር ተቀበለ።

"ጋሽ ታሂር፣ እምቢ ይበሉት እንጂ!" አለች ደብሪቱ።

"እንዴ ልጄ! ሰው እጁን ዘርግቶ?"

አራት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። ለሰውየው ካሳ ብሎ ስም አወጣለት። ከሰጪው መቀበሉን ትቶ ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ለመደ። ሰውየው ዘርግቶ ይቀራል፣ ታሂር ያቀረቅራል፣ ሰዓቱ ያልቃል። ቤት ሲመጣ ግን እህል አልወርድ አለው።

"ምን ሆነሃል?"

"ካሳ" አለኝ። "እጁን እንደዘረጋ ትቼው መጣሁ። እስካሁን ይደክመዋል፣ እታለም።"

የሌለ ሰው እጅ እንዳይደክም የሚጨነቅ ሰው በራያ ምድር ከዚህ በፊት ስለመኖሩ እንጃ። ለደብሪቱ ነገርኳት። አልሳቀችም፤ ትንሽ አሰበችና በሚቀጥለው ጊዜ ጎንበስ ብላ በጆሮው እንዲህ አለችው፦ "ጋሽ ታሂር፣ እምቢ ሲሉት ነው እጁን የሚያወርደው። ዝም ሲሉት ነው የሚደክመው።"

ታሂር መነፅሩን እንደለበሰ እጁን ደረቱ ላይ አኖረ።

"ካሳ" አለ፣ "አልፈልግም። እጅህን አሳርፍ።"

ደብሪቱ ማሽኗን ነካ አደረገች፤ እኛም በማሽኑ መስታወት እንደምናየው ሰውየው እጁን አወረደ። ታሂርም ትልቅ ሸክም ያወረደ ሰው ይመስል ረጅም ተነፈሰ።

ከዚያ ወዲያ መናኸሪያው ጉድ አየ። "እንካ ታሂሬ" ሲሉት፣ "አልፈልግም፣ እጅህን አሳርፍ" ይላል፤ በምርቃት አጅቦ። ሾፌሮቹ ሳቁ፣ ተሳለቁ፣ "ሼኪው ሊያስተምረን ነው!" አሉ፣ በኋላ ለመዱት። አንዴ ተሸንፎ ሁለት አጨሰ፤ ደብሪቱ "ይኼም ከልምምዱ ነው" አለችው። የመድኃኒቱን መጠን ሐኪሙ እየተከታተለ አስተካከለለት።

እስካሁን የደበቅኳችሁ አንድ ነገር አለ። ያን ሁሉ ዓመት ሣጥኔ ውስጥ፣ በነጠላዬ ሥር፣ አንድ ፓኮ ሲጋራ አይጠፋም ነበር። ድምፆቹ ሲበዙበት፣ ወደ ቆላው ውሰዱኝ ብሎ ሲነሳ፣ አንዲት አቀብለዋለሁ። ይቀመጣል። ጭሱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ እሱ ይረጋል፣ እኔም አጠገቡ ዝም እላለሁ። ያን ዝምታ እወደው ነበር።

በግንቦት ወር አንድ ቀን ከሰዓት ከዞብል በኩል ንፋስ ተነሳ፤ ሰማዩ ቀላ፣ ማሽላው ሁሉ አንድ ላይ አጎነበሰ። ታሂር ከማሳው ዳር ይመላለሳል፣ ብቻውን ያወራል። ሄዶ እንዳይቀር ፈራሁ። ሣጥኑን ከፈትኩና ወጣሁ።

"እንካ፣ አንዲት ብቻ።"

አየኝ። "አልፈልግም።"

"ለኔ ብለህ።"

"ሠላሳ ዓመት ያጨስኩት ላንቺ ብዬ ነው" አለኝ።

ምርቃት አልጨመረበትም። በንፋሱ ውስጥ ተመላለሰ፣ እኔም ከኋላው ተመላለስኩ፤ ንፋሱ ሲያልፍ ሁለታችንም አቧራ ለብሰን ገባን፤ ሐኪሙ ጋ የሚሄድበት ቀን ሳይደርስ በማግስቱ ወሰድኩት። ፓኮውን ጉድጓድ ጣልኩት። ተቀይሜው ግን ሰነበትኩ፤ እውነቱን ስለነገረኝ።

አሁን ክቡርነታቸው ለሁሉም ነገር እምቢ ነው። ፍየል ያዝ ቢሉት እምቢ። ዋጃ ግባ ቢሉት እምቢ። ጋቢ ደርብ ስለው እምቢ። ትናንት ምሳ ላይ "ሽሮው ጨው በዝቶበታል" አለኝ። በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ያላለውን!

"አልበዛም።"

"በዝቷል እንጂ!"

"ምላስህ ነው የተበላሸው!"

"ምላሴማ ገና አሁን ዳነ!"

ጩኸታችንን ሰምታ ጎረቤታችን አሲያ ልታስታርቀን እየሮጠች መጣች። እሱ ፊቱን አዙሯል፤ እኔ ማንኪያ ይዣለሁ። እሷ በሩ ላይ ስትደርስ ነው እንባዬ የመጣው። ሰው የሚጣላው ከሙሉ ሰው ጋር ነዋ።

"ተይን አሲያ" አልኳት፣ "ገና አልጨረስንም።"