የዘይነባ በሽተኞች

ለነርስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና የሚዘጋጅ ጎረቤት አለዎት? ከሌለዎት ጤነኛ ነዎት ማለት ነው። እኔ ግን ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር፣ ከዓሣ አስጋሪው ከጋሽ ሰይድ ጋር አጥር ተጋርቼ ነው የምኖረው፤ ልጃቸው ዘይነባ ደግሞ መጽሐፏን የምታጠናው ሰው ላይ ነው።

ስለ ጉበት ባነበበች ሰሞን የሠፈሩ ሰው ዐይን ሁሉ ቢጫ ሆነባት። ስለ ኩላሊት ስታነብ ደግሞ እኔን መንገድ ላይ አስቁማ፣ "ጋሼ፣ እግርዎ አብጧል" አለችኝ። ጫማው ጠቦኝ ነው ብላት መች ትሰማኛለች? ይግረምዎና፣ ቤቴ ገብቼ ሳየው እውነትም ያበጠ መሰለኝ። እንዲያውም ጨው ተውሁ።

አንድ ቅዳሜ እኔና ዘይነባ ባለንበት ጋሽ ሰይድ ጀልባቸውን ሲጠግኑ መዶሻው ከእጃቸው ወደቀ። ላብ አጠመቃቸው፤ ደረታቸውን ይዘው ቁጭ አሉ።

"ዛሬ ደግሞ ስለ ምን እያነበብሽ ነው?" አሏት፣ ሕመሙ ከመጽሐፉ የመጣ መስሏቸው።

የዘይነባ ፊት ዐመድ መሰለ። "አባዬ፣ የልብ ምዕራፍ ላይ ገና አልደረስሁም!" ብላ ጮኸች። መጽሐፉን ወርውራ ባጃጅ አስቆመች፤ እኔና እሷ ግራና ቀኝ ደግፈን ሆስፒታል አደረስናቸው። ሐኪሙም፣ "ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አይተርፉም ነበር" አለን።

ዘይነባ የቀረውን ያጠናችው በአባቷ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ነው። ተፈተነች፤ አለፈችም። ውጤቱን ስትነግራቸው ጋሽ ሰይድ ከትራሳቸው ቀና አሉና፣ "እኔንም ይመዝግቡኝ እንጂ! የተግባሩን ፈተና የተፈተንሁት እኔ አይደለሁ?" አሏት።