አስናቀ ያልወለዳቸው ልጆች

እኛ መቋጠር የምንወድ ሰዎች ነን። በርበሬውን በጨርቅ፣ መድኃኒቱን በነጠላ ጫፍ፣ ምስጢሩን በሆድ። ያልተቋጠረ ነገር ይፈሳል፤ የፈሰሰ ውሃ ደግሞ አይታፈስም ተብለን ነው ያደግነው። በደርግ ዘመን ቢሮ ለሠራ ሰው ከሁሉ በፊት የሚቋጠረው አፍ ነበር፤ እኔም በዚህ በኩል ጎበዝ ነበርኩ፣ ከሚገባው በላይ ጎበዝ። ምናለ ያን ያህል ባልጎበዝኩ እያልኩ ነው ዛሬ የማወጋችሁ።

የደርግ የመጨረሻ ዓመታት ላይ ነው። ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ስሙን የማልነግራችሁ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮምፒዩተር ላይ እሠራ ነበር። ኮምፒዩተር ስላችሁ ያ ዛሬ ጭናችሁ ላይ የምታስቀምጡት እንዳይመስላችሁ፤ የእኛው አንድ ክፍል ለብቻው የያዘ፣ ከኃላፊው ቀድሞ ምንጣፍ የተነጠፈለት፣ ጫማ አውልቀን የምንገባበት ባላባት ነበር። ሥራችን በድርቁና በሰፈራው ከቤተሰባቸው የተለያዩ ልጆችን ስም መመዝገብ ነው። ከየሕፃናት ማቆያው የሚመጣውን ወረቀት ሦስት ጸሐፊዎች በላቲን ፊደል ይመቱታል፤ ማሽኑ ሌላ ፊደል አያውቅማ። እያንዳንዳቸው ሥራቸውን በየስማቸው በተሰየመ ፋይል ያስቀምጣሉ። በፊደል ተራ የሚቀድመው አስናቀ የሚባል ወንደላጤ ነበር። እኔ ደግሞ ዝርዝሩን አሰናድቶ የሚያትመውን ትእዛዝ እጽፋለሁ።

ልጅ ሁሉ የአባቱን ስም አያውቅም። የአምስት ዓመት ልጅ «አባትሽ ማነው?» ብትሏት «አባዬ» ነው የምትላችሁ። ለእንደነዚህ ያሉት መዝጋቢዎቹ በአባት ስም ቦታ ኮከብ ያደርጉ ነበር። ባዶውን መተው ከበዳቸው መሰለኝ፤ አባት የለውም ከማለት ኮከብ አለው ማለት ይሻላል። እኔም ኮከቡን እንደ ማንኛውም ስም ተቀብዬ በአንድ መያዣ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ባለሙያዎቹ ተለዋዋጭ ይሉታል። በማስቀመጡ አልተሳሳትኩም። የተሳሳትኩት ሳወጣው ነው። መያዣውን ስጠራ ግራና ቀኙን በጥቅስ ምልክት ማጠር ነበረብኝ። ካልታጠረ ያ ማሽን ኮከብን ኮከብ ብሎ አያነበውም፤ ለእሱ ትርጉሙ «እዚህ ያለውን ፋይል ሁሉ በየስሙ ጥራልኝ» ነው። ታዛዥ ነውና ይጠራል፣ በፊደል ተራ፣ ከአስናቀ ጀምሮ። ለአባት ስም የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ውሰድ ብዬውም ነበር። እንግዲህ ወደ ሰላሳ የሚሆኑ ልጆች በአንድ ከሰዓት በኋላ የአስናቀ ልጆች ሆነው ታተሙ።

ይህን ያየነው ዝርዝሩ ማህተም ተመትቶበት በሩ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ነው። አስናቀ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ፣ «ሚስት ሳትፈልግልኝ ልጆቹን አመጣህልኝ?» አለኝ። ሳቅን። ግን ብዙ አልሳቅንም፤ ቅጂው ከሪፖርት ጋር ወደ በላይ አካል ሄዷል፣ ጓድ ኃላፊያችንም ተመስግነውበታል። በዚያ ዘመን ማህተም ያረፈበት ወረቀት ተሳስቷል ስትሉ፣ ማን አሳሳተው ይባላል፤ ከዚያ ቀጥላ የምትመጣው ቃል አሻጥር ናት። አዲስ ዝርዝር ሲወጣ እናርመዋለን ተባባልን። ነገ ዛሬ እያልን ተውነው።

በሳምንቱ አንድ ሽማግሌ መጡ። ሾላ ገበያ ቅመም የሚነግዱ፣ አባባ ወልዴ የሚባሉ። ልጃቸው ወሎ ገብቶ፣ እዚያው አግብቶ፣ ከነሚስቱ በድርቁ አልቋል። ሙሉ የምትባል ሕፃን እንደነበረችው በሰው ሰምተዋል እንጂ አይተዋት አያውቁም። የልጃቸው ስም አስናቀ ነበር። ዝርዝሩ በላቲን ስለሆነ ለጠያቂ የማነበው እኔ ነኝ።

«ሙሉ አስናቀ የምትባል አለች፣ ልጄ?» አሉኝ።

የትኛዋ ሙሉ እንደሆነች አውቃታለሁ። በአባቷ ስም ቦታ ኮከብ ከነበረባቸው አንዷ ናት። ጸሐፊው አስናቀ ከጀርባዬ ቆሞ ይሰማል።

«አለች አባባ» አልኩ።

ጉልበቴን ሊስሙ ሲጎነበሱ ክንዳቸውን ያዝኩ፤ ያኔ እንኳ ልነግራቸው እችል ነበር። ፈራሁ። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

ብዙም ሳይቆዩ ልጅቷን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ድፎ ዳቦ ይዘው ተመለሱ። ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያለባት ቀጫጫ ልጅ ናት። «ጋሼን ሳሚው» ሲሏት ጋቢያቸው ውስጥ ተደበቀች። ዳቦውን ቆርሰን በላን። ሰው የሌላት ልጅ፣ ሰው የሌላቸው ሽማግሌ፣ ማን ተጎዳ አልኩ ለራሴ። እግዜር በእኔ ስህተት ሥራውን ሠርቶ ይሆናል ብዬም አሰብኩ። ሰው ጥፋቱን የሚያሸክመው ሲያጣ እግዜርን ይጠራል።

ክረምቱ እንደወጣ አንዲት ሴት መጣች። ከሰፈራ ጣቢያ ድረስ፣ ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በጭነት መኪና።

«ሙሉ ታደሰ የምትባል አለች፣ ወንድሜ? ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አላት። ምድጃ ላይ ወድቃብኝ ነው።»

ጣቴን ከላይ እስከ ታች በዝርዝሩ ላይ አወረድኩ። ስለ አሻጥር አሰብኩ፣ ስለ ኃላፊው ምስጋና አሰብኩ፣ ሽማግሌው ጋቢ ውስጥ ስለተደበቀችው ልጅ አሰብኩ። ስለ ሴትዮዋ ማሰብ ነበረብኝ።

«የለችም እህቴ» አልኳት። እውነት ነው፣ ሙሉ ታደሰ የምትባል ወረቀቱ ላይ አልነበረችም።

«እስቲ ደግመህ እየው።»

ደግሜ አየሁት። እግዜር ይስጥልኝ ብላኝ ሄደች። የት እንደምታድር እንኳ አልጠየቅኳትም።

በማግስቱ የጥቅስ ምልክቶቹን ጨመርኩ፣ አንድ ከፊት፣ አንድ ከኋላ። የዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ እንኳ አልወሰደብኝም። ኮከቡ ኮከብ ሆኖ ታተመ፤ ማንም አላሰረኝም፣ ለምን ተለወጠ ብሎ የጠየቀኝም የለም። ከዚያ በኋላ ብዙ ወር በሩን በሩን እያየሁ ሴትዮዋን ጠበቅኳት። አልተመለሰችም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ደርግም ሄደ፣ አባባ ወልዴም አረፉ። ሾላ ያለውን የቅመም መደባቸውን የያዘችው ሙሉ ናት፤ ሦስት ልጆች ወልዳለች። እኔም ዛሬስ እነግራታለሁ እያልኩ ሾላ እወርዳለሁ። ከፊቷ ስቆም ግን ከአፌ የሚወጣው «ግማሽ ኪሎ ጥቁር አዝሙድ» ነው። ትመዝንና ከላይ አንድ እፍኝ ትጨምርበታለች።

«ምራቂ ነው ጋሼ» ትለኛለች። «አያቴ እስኪሞቱ ድረስ፣ ከዘመድሽ ያገናኘሽ እሱ ነው ይሉኝ ነበር።»

ተቀብያት እመለሳለሁ። ቤቴ ያለው ጥቁር አዝሙድ አሁን ለሦስት ሠርግ ይበቃል።